በግ ፍለጋ

የሆሳዕና ማግስት፣ ሰኞ ጧት ነው። ልጄ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ከክፍሉ ወጣ። «እንዴት አደርክ?» አልኩት።

«ምን አድሬ አባባ! ሌሊቱን ሙሉ በግ ስፈልግ ነጋብኝ።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው፣ በዕድሜው አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቶ የማያውቅ ልጅ ለፋሲካ በግ ሲያስብ አደረ! ሰሞነ ሕማማት መሆኑን ረስቼ ምርቃቴን ላዥጎደጉደው ስል፣ «ታዲያ አገኘኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አገኘሁት፤ ገደልኩትም። ግን እሱን ስገድል ሌሎች ሁለት ተወለዱ።»

በሕማማት! በሌሊት! ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ! ወለሉን አየሁ፤ ደም የለም። በረንዳውን አየሁ፤ ቆዳ አልተሰጣም። እናቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ?» ብትል፣ «ልጅሽ በጾም በግ ገድሏል፤ በጓ ደግሞ መንታ እርጉዝ ነበረች» አልኳት። ያን ቀን ያማተበችው ለዓመት ይበቃታል።

«በግ» የሚሉት ለካ በኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ የሚደበቅ ስሕተት ኖሯል። ፈረንጅ ትሉንም ትኋኑንም በአንድ ቃል ይጠራና ስሕተቱንም በዚያው ቃል ጠራው። ልጄ ይህንኑ ሲያስረዳኝ እኩለ ቀን ሆነ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ማርክ ሁለት» የሚባል፣ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ኮምፒውተር ነበር አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1947፣ በእኛ ጳጉሜ 4 ቀን 1939 መሆኑ ነው፣ ማሽኑ አስቸግሮ ሲፈትሹት የእሳት ራት ሆዱ ውስጥ ገብታ ሞታ አገኙ። ቃሉ ከዚያ በፊትም በመሐንዲሶች አፍ ነበረ፤ እነዚህ ግን ራቷን አንስተው በፕላስተር መዝገቡ ላይ ለጠፏትና ከጎኗ ቀልድ ጻፉ። መዝገቡም ዛሬ አሜሪካ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል። እኔ ለገሃር፣ ምድር ባቡር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መዝገብ ይዣለሁ። በእኔ ገጽ ላይ የሞተ ዝንብ ተለጥፎ ቢገኝ ኖሮ ሙዚየም የምገባው እኔ ነበርኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በእኛ ዘመን ቤት አለ፣ መሥሪያ ቤት አለ፤ በመካከላቸው መንገድ አለ። ማታ መዝገቤን እዘጋለሁ፣ ብዕሬን እከድናለሁ፣ በእግሬ ወደ ቤቴ አዘግማለሁ። ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቢዘገይ፣ አዋሽ ላይ ቢቆም፣ ጭንቀቱ እዚያው ለገሃር ያድራል። ከጂቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተዘርግቶ ሳለ ሥራ አንድም ቀን አልጋዬ ሥር ደርሶ አያውቅም። የልጄ ሥራ ግን ሐዲድ እንኳ ሳይነጠፍለት ሳን ፍራንሲስኮ ካሉት አሠሪዎቹ ተነስቶ ትራሱ ሥር ይገባል። «መሥሪያ ቤት» ስንል ቤት ውስጥ ይሠራ ማለታችን መሰላቸው መሰለኝ።

ደግሞ ሰዓቱ! እነዚያ ጧት ሥራ ሲገቡ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እነዚያ ውለው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ይህም በበጋቸው ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትቱታል፤ በማርች ሁለተኛ እሑድ መልሰው ወደ ፊት ይገፉታል። ሰዓት ይቆጠራል እንጂ እንደ ተበላሸ መኪና ይገፋል? እኛ ፀሐይ ስትወጣ 12፣ ስትጠልቅ 12 ብለን ማንንም ሳናስቸግር ኖረናል። እነሱ ሰዓታቸውን በጎተቱ ቁጥር የእኔ እራት ይዘገያል። ክረምታቸው ሲገባ ልጄ ሥራ የሚጨርሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ እኔ ለኪዳን ስነሳ ነው። ኮሪደሩ ላይ እንገናኛለን። እሱ «ደኅና እደሩ» ይለኛል፤ እኔ «እንዴት አደርክ» እለዋለሁ። አንድ ጣራ ሥር ሁለት ቀን።

በየምሽቱ «ስታንዳፕ» የሚሉት ስብሰባ አለባቸው። ትርጉሙ «ቁም» ማለት ነው፤ የሚቆም ግን የለም። አንዱ ዋርሶ ነው፣ አንዷ ሕንድ ናት፣ ልጄ ጀሞ ነው፤ ሁሉም ተቀምጠዋል፣ የዋርሶው እንዲያውም ጋደም ያለ ይመስለኛል። ልጄ ከወገብ በላይ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከወገብ በታች ቁምጣ ነው። በተራ ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን አገደህ ይባባላሉ። ምን አገደህ ሲሉት ልጄ ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ነው፦ «መብራት»። አልጋው ሥር የመኪና ባትሪ የሚያህል ነገር አስቀምጧል፤ መብራት በሄደ ቁጥር እንደ ጫጩት ይጮኻል። ስልኩ ሁለት ሲም ካርድ አለው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲያለቅስለት። የሰኔ 2012ቱን፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት የጠፋበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ለሰው አይነገርም እንጂ፣ ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ተኝቶ ቀን ከእኔ ጋር ዳማ ተጫውቷል። ክብደት ጨምሮ ነበር።

ፋሲካ አልፎ የሠርግ ወቅት ሲገባ ለእሱ ሽምግልና ሄድን። የልጅቷ አጎት ጡረተኛ ሻምበል ናቸው፤ እንደ ምርመራ ጀመሩት።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ሶፍትዌር ይሠራል።»

«የት?»

«ቤት።»

«መሥሪያ ቤቱን ማለቴ ነው።»

«እኔም እሱን ማለቴ ነው።»

ሻምበሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደመወዙን ማን ነው የሚከፍለው?»

«ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ድርጅት።»

«አሃ፣ ሊሄድ ነዋ!»

«ሄዶ አያውቅም፤ የመሄድ ሐሳብም የለውም።»

«አለቃውን ግን ያውቀዋል?»

«ከደረቱ በላይ ያውቀዋል።»

ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ምን ልበል ታዲያ? ሦስት ዓመት ሲታዘዘው ሰውየው እግር ይኑረው አይኑረው አላየም። ለነገሩ ሻምበሉ ሰፈራችን ድረስ ሰው ልከው አስጠይቀዋል፤ «ሌሊት መብራቱ በርቶ ያድራል፣ ቀን ተኝቶ ይውላል» ተብሏል። በእኛ አገር ይህ የምን ምልክት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ልጁን ይዛችሁት ኑ፣ በዓይናችን እንየው» ብለው ቀጠሮ ሰጡን። ቤት ገብቼ ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሰኞ 1 ሰዓት ስታንዳፕ አለብኝ አባባ።» «አንተ ልጅ፣ ስታንዳፕ ስታንዳፕ ስትል ቆመህ ትቀራታለህ!» አልኩት። ቀጠሮው ወደ እሑድ ተዛወረ፤ መልሱን እስካሁን እየጠበቅን ነው።

ስለ ጤናው አላወራም ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም። ጀርባዬን አለ፣ አንጓዬን አለ፣ በመጨረሻ ደሙን ሲመረመር ሐኪሙ «የፀሐይ እጥረት አለብህ» አለው። ቫይታሚን ዲ የሚሉት፣ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። አያችሁ ጉድ? ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁት ለማን ኖሯል? ቱሪስቱ ከበረዶ ሸሽቶ እዚህ ይሞቃል፤ የእኔ ልጅ መጋረጃ ዘግቶ ፀሐይን በእንክብል ይውጣል። «በረንዳው ላይ ውጣ፣ በነጻ ነው» ብለው፣ «ስክሪኑ ያንጸባርቅብኛል» ይላል።

መሥሪያ ቤቱም አዝኖለት ይሁን ተመክሮ እንጃ፣ የጤና ብሎ ሰዓት ላከለት። ሰዓቱ ብዙ ከተቀመጠ ይንዘፈዘፋል፤ ተነስ፣ ተራመድ ይለዋል። በቀን 10,000 እርምጃ ነው ግቡ። ይህችን ቁጥር እኔ ሐኪም ያዘዛት መስሎኝ ነበር። ለካ የመጣችው ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 እርምጃ መቁጠሪያ ሊሸጥ ከተነሳ የጃፓን ነጋዴ ነው። እኔ አራት ፎቅ በቀን ሦስቴ እወጣለሁ እወርዳለሁ፤ ማንም አልቆጠረልኝም። አሁን ልጄ ዘዴ አገኘ፦ ጧት ሰዓቱን እኔ እጅ ላይ ያስረዋል። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ፣ ገበያ ዞሬ፣ የዕድር ስብሰባ ተገኝቼ ስመለስ ሳን ፍራንሲስኮ «ጎበዝ!» ብሎ ይጽፍለታል።

ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛም ገዝቷል፤ ቆሞ ሊሠራ። ለሁለት ሳምንት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ከፍ የሚለው እናቱ ሥሩን ልትጠርግ ስትፈልግ ብቻ ነው።

የቲማቲሙም ነገር አለ። አንድ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ማጥናት አቅቶት የቲማቲም ቅርጽ ያለው የወጥ ቤት ሰዓት ሞልቶ አስቀመጠ፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ስሙንም «ፖሞዶሮ» አለው። ልጄም ይከተለዋል። እናቱ በአምስቷ ደቂቃ ቡና ላጠጣህ ብትል ገና ቡናው ሳይቆላ ደወለ። አቦሉ ሲፈላ እሱ ሁለተኛው ቲማቲም ላይ ነው፤ ቶና ሲደርስ በሩ ተዘግቷል፤ በረካውን እኔ ጠጣሁለት። ቡና በደቂቃ የሚለካበት ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ዕረፍት እንደሚገኝ ጣሊያኑ ይንገረን።

አንድ ነገር ግን ሳልወድ አመሰግናለሁ። «ጊት» የሚሉት መዝገብ አላቸው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የሠራው። ማን፣ መቼ፣ የቱን መስመር እንደጻፈና እንደቀየረ ይይዛል፤ የተሰረዘውም ጨርሶ አይጠፋም። ይህ ማለት እኮ የእኛው የጭነት መዝገብ ነው! እኛም መፋቅ ክልክል ነበር፤ በቀይ ቀለም አንድ መስመር ይሰመራል፣ ፊርማ ይቀመጣል፣ አበቃ። ይህን ስለው ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አየኝ። ከዚያ «ብሌም» የሚባለውን ትእዛዝ አሳየኝ፤ ወቀሳ ማለት ነው፤ አንዱን መስመር ስትጠቁመው የጻፈውን ሰው ስም ያወጣል። አንድ ሌሊት «ይህን የመሰለ ቆሻሻ የጻፈው ማነው!» ብሎ እየፎከረ ትእዛዙን ሰጠ። የወጣው ስም የራሱ ነበር። ሳቄን ጋቢዬ ውስጥ ጨረስኩት።

አሁን ደግሞ ኮዱን የሚጽፍለት ማሽን መጥቷል። «እንግዲያ አንተ ተኛ» አልኩት። «እሱ የጻፈውን ማረም አለብኝ» አለኝ።

ይህን ሁሉ የምታውቀው ከየት ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ሲወርድ በነበረ አንድ ሌሊት ነው። 8 ሰዓት ገደማ በሬን አንኳኳ። «አባባ፣ አንዴ ይምጡልኝ፤ የሆነ ነገር ልንገርዎት፣ ዝም ብለው ብቻ ይስሙኝ።» ልጄ ምክሬን ፈለገ ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ገባሁ። ስክሪኑ ፊት አስቀመጠኝና መስመር በመስመር ያስረዳኝ ጀመር፤ ይህ ይህን ይጠራል፣ ያ ለዚህ ይመልሳል፣ ባዶ ከሆነ ወደዚያ ይሄዳል። አንዲት ቃል አልገባችኝም። እንደ ሽማግሌ ደንብ አልፎ አልፎ «እህ» አልኩ። ሃያ ደቂቃ እንደሆነ ድንገት «ኦ! ገባኝ! ገባኝ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። በጉ ተገኘ። ያን ሌሊት ኩራቴ ሌላ ነው። ጧት ለጎረቤት ሁሉ «ሳን ፍራንሲስኮ ያቃታቸውን እኔ ፈታሁላቸው» ስል ዋልኩ።

በነጋታውም ጠራኝ። በሳምንቱም። ወር ሲሆነኝ፣ ይህ እውቀቴ ከየት መጣ ብዬ በዘዴ ጠየቅሁት። መልሱን ባልጠየቅሁ! አንድሩ ሀንትና ዴቪድ ቶማስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት የሙያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ዘዴ ነው። ፕሮግራመር ስሕተቱ ሲጠፋበት የጎማ ዳክዬ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ሥራውን መስመር በመስመር ለዳክዬው ያስረዳል፤ ጮክ ብሎ ሲናገረው ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ዳክዬው ምንም ማወቅ አይጠበቅበትም። ልጄም አንዲት ቢጫ ዳክዬ ነበረችው። በዚያ ክረምት የእኅቱ ልጅ ለገላ መታጠቢያ ወሰደችበት።

ተቆጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ የያዘ ሰው በዳክዬ ምትክ ይቀጠራል ወይ ብዬ ደመወዝ ጠየቅሁ። «ዳክዬ ደመወዝ የለውም አባባ» ብሎ ሳቀ። የልጅ ልጄንም «ያቺን ዳክዬ መልሺ» ብላት ጭንቅላቷ እንደተቆረጠ ነገረችኝ። አዲስ ይገዛ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ወራት አለፉ። ገበያ ሄጄ አንድ ሱቅ ውስጥ ልክ እንደዚያች ያለች አይቻለሁ፤ ዋጋዋም ያን ያህል አልነበረም። አልገዛኋትም።

ይኸው አሁንም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ይሰማኛል። ጋቢዬን የት ነው ያደረግሁት?