«በሞቴ፣ ትፉት!»

እንግድነት ሄዶ የቀረበለትን መጠጥ የሚተች ኢትዮጵያዊ ገና አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ሁለተኛ የጠራው የለም። ጠላው ቢኮመጥጥ «ጥም ይቆርጣል» እንላለን። ጠጁ ውሃ ውሃ ቢል «ራስ አይዝም»። አረቄው ጉሮሮ ልጦ ቢወርድ «ይኼ እንኳ የድሮው ዓይነት ነው»። እውነቱን የምንናገረው በሩ ከኋላችን ከተዘጋ በኋላ፣ ያውም ግራ ቀኝ አይተን ነው።

አንድ ወዳጄ እንግዲህ ከዚህ ሕዝብ መሃል ነው ዳኛ ሊመርጥ የተነሳው። ወዳጄ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሚበቅል ወይን ቀይ ወይን ጠጅ ይሠራል። ካስቴል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ ዝዋይ አጠገብ ካለማው እርሻ የተጠመቀው ወይን በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ያ ምድር ከሽንኩርትና ከቲማቲም ሌላ ሜርሎና ሲራ የሚባሉ የወይን ዝርያዎችም እንደሚያበቅል አገር ያወቀው ነገር ሆኗል። ወዳጄም በአቅሙ ገባበት፤ ጠመቀ፤ በርሜል ውስጥ አስተኛው። ሊያሽገው ሲቃረብ ናሙና ቀድቶ ቤቱ ጠራን። «ለገበያ ሳላወጣው እውነቱን ንገሩኝ» አለ። እውነቱን! በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ብርጭቆው፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ።

ነገሩ የእርሱ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ በሚባለው የወይን አገር በየዓመቱ ጸደይ ላይ ነጋዴውና ሃያሲው ይሰበሰባል። ባለፈው መኸር ተለቅሞ የተጠመቀው ወይን ገና በርሜል ውስጥ እያለ ይቀመሳል፤ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ዋጋ ይቆረጥለታል። ጠርሙሱ ገዢው እጅ የሚገባው ግን ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። አሜሪካዊው የወይን ሃያሲ ሮበርት ፓርከር ስሙ የገነነው የ1982ቱን የቦርዶ ምርት ገና በለጋነቱ ቀምሶ፣ ሌላው ሲያመነታ እርሱ አስረግጦ ስላሞገሰው ነው። ፓርከር ነጥብ ይሰጥ የነበረው ከመቶ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ግን ከ50 ነበር። ወይን ሆኖ በመገኘቱ ብቻ 50! እኛ የሒሳብ ፈተና ላይ ስማችንን አሳምረን ጽፈን እንኳ እንዲህ ያለ ቸርነት አላየንም።

ወዳጄ በየፊታችን ቅጽ አስቀመጠ፦ ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም፣ ነጥብ። ጠረጴዛው መሃል ደግሞ ባልዲ። አንዱ እንግዳ ባልዲውን ሲያይ ውሃ የሚያፈስለት ጠብቆ እጁን ዘረጋ። «ለመትፊያ ነው» ተባለ። ሁላችንም ባልዲውን አየነው፤ ከዚያ ባለቤቱን፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያየን።

ባለሙያ ቀማሽ በአንድ ቀን ብዙ ወይን ስለሚቀምስ አፉ ውስጥ አንገዋሎ ይተፋል፤ ካልተፋ ከሰዓት በኋላ ፍርዱ ሁሉ ዘፈን ይሆናል። ይኼ ይገባናል። ግን ባለቤቱ በእጁ ቀድቶ የሰጠህን፣ ፊቱ ቆመህ፣ እንትፍ? እኛ «በሞቴ» እየተባልን ሁለተኛውን፣ «አፈር ስሆን» እየተባልን ሦስተኛውን ጠጥተን ያደግን ነን። ስለዚህ ሁሉም ዋጠ። ባልዲው እንደ ንጹሕ ሕሊና ደርቆ ዋለ። ናሙናው በተቀያየረ ቁጥር ነጥባችን እየጨመረ፣ ድምፃችንም እየደመቀ ሄደ። በመጨረሻ ወዳጄ ተጨንቆ ተነሳና በአገራችን የግብዣ ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ልመና ለመነን፦ «በሞቴ፣ ትፉት!»

ማንም አልተፋለትም።

የሚቀመሰው ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም። ለጋ ቀይ ወይን አፍ ይይዛል። ከወይኑ ቆዳና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ምላስን ያደርቀዋል፤ ድድን ይጨብጣል። ይህ ጉልበት በዕድሜ እየለዘበ ይሄዳል። ስለዚህ ዳኛው ወይኑ ዛሬ ጣፈጠ አልጣፈጠ ሳይል፣ ሻካራነቱ እስኪበርድ ፍሬው ይቆየዋል ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። እኛ ግን ዛሬ የጠጣነውን ለመናገር ድፍረት ያጣን ሰዎች፣ የከርሞውን ከየት አምጥተን እንፍረድ?

አንዱ ስልኩን አውጥቶ የፈረንጅ ቀማሾች ምን እንደሚሉ አነበበልን፦ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ብላክ ከረንት። ብላክ ከረንትን በዓይኑ ያየ ከመሃላችን አልነበረም፤ ቢሆንም በየቅጹ ላይ ተጻፈ። የእርሳሱም ሽታ ብዙ ደጋፊ አገኘ፤ በእጃችን የያዝነው እርሳስ ስለነበር።

በዚህ ፈረንጆቹም አይስቁብን። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ቦርዶ ውስጥ ለ54 የወይን ጥመቃ ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው። ተማሪዎቹም ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚባሉት ቃላት ነበር። እነርሱን ዓይናቸው ይሸውዳቸዋል፤ እኛን ይሉኝታችን።

ይህን ስንባባል የወዳጄ እናት ቆሎ ይዘው ገቡ። እማማ ለስንት ሠርግና ማኅበር ጠጅ የጣሉ ሴት ናቸው። «እስቲ ይቅመሱልን» አልናቸው፣ ለወጉ ያህል። ብርጭቆውን ተቀበሉ፤ አሸተቱ፤ ዝም አሉ፤ እንደገና አሸተቱ። ጥቂት ተጎነጩና ባልዲውን ሳብ አድርገው እንትፍ አሉበት። አፋችንን ከፍተን ስናያቸው፣ «ስንት ጋን ሲቀመስ ማን ይውጠዋል?» አሉን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ጋኑን በምን አጠንከው?»

«አላጠንኩም እማዬ፤ በርሜል ነው፤ ኦክ የሚባል እንጨት።»

«ታጥኗል እንጂ! ጭሱ ፍሬውን ውጦታል።»

ወዳጄ ቀለሙ ተለዋወጠ። በርሜል ሠሪው እንጨቱን አጉብጦ ሲገጥም ውስጡን በእሳት እንደሚለበልበው የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበር፤ አዲስ በርሜል ደግሞ ጭሱንም ቫኒላውንም አብዝቶ ይሰጣል። ጋኑን በወይራ አጥነው ጠላ የሚጠምቁት እናቱ ግን የሰው አገር እሳት በአንድ ጉንጭ ለዩት።

«ገና ጉሽ ነው» ቀጠሉ እማማ። «ከሥሩ አጋም አጋም የሚል ደህና ነገር አለው። ተወው፣ ይረፍ። አሁን ብታወጣው ሰው ፊት ታሳፍረኛለህ።»

ወዳጄ ይህን ሁሉ ጻፈ። እኛ የሞላናቸውን ቅጾች አንስቶ አላያቸውም።

እኔም ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። ምላስ አልጎደለንም። አጋሙንም፣ ጭሱንም፣ ጉሽነቱንም ሁላችንም ቀምሰነዋል። ልዩነቱ፣ መጠጡ ቢበላሽ እማማ ያፍራሉ፤ እኛ ግን አመስግነን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ጠጅ ጣይ ከድግሱ በፊት እየዞረች የምትቀምሰው፣ ያለ ርኅራኄም የምትፈርደው፣ ውርደቱ ደጃፏ ላይ ስለሚያድር ነው። እውነተኛ ፍርድ የሚወጣው ከሚያፍር ሰው አፍ ነው፤ እንግዳ ምን አሳፈረው?

ወዳጄ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የሆነውን አንብቧል፦ የፈረንሳይ ዳኞች የትኛው ጠርሙስ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ቀምሰው፣ ስታግስ ሊፕ የተባለውን የ1973 የካሊፎርኒያ ቀይ ከታላላቆቹ የቦርዶ ወይኖች በላይ አንደኛ አደረጉት። ስም ሲሸፈን ምላስ ይፈታል ማለት ነው። እርሱም ወይኑን አሳርፎ፣ በርሜሉን ከአሮጌ ጋር አቀያይጦ፣ እንደገና ጠራን። በዚህኛው ዙር ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለዋል፤ ከገበያ የተገዙም ተቀላቅለውባቸዋል። ቅጹ ላይ ስም አይጻፍም። እርሱ ራሱ ደግሞ ፊቱን እንዳናይ ጓሮ ወጥቶ ቆመ።

ማታ ቅጾቹን ሲቆጥር ሁሉም ጠርሙስ፣ የተገዛውም የራሱም፣ ከ90 በላይ አግኝቷል። አንድ ቅጽ ብቻ ለእርሱ ወይን 60 ሰጥቶት ተገኘ። ወዳጄ በደስታ ዘለለ፤ በመጨረሻ አንድ ደፋር! ወረቀቱን ሲገለብጠው ግን ጀርባው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው። ወይኑስ ምንም አይወጣለትም። እግዜር ይስጥልኝ።»