ሐተታ በእንተ ፍላሽ

በክርስትና፣ በሠርግም ሆነ በማኅበር ድግስ ካሜራ በአንገቱ አንጠልጥሎ ከእንግዳ እንግዳ የሚዞር ዘመድ በየቤቱ አንድ እንደማይታጣ የታወቀ ነው፤ እኔም ማንም ሳይሾመኝ በዚህ መዓርግ 12 ዓመት ያገለገልሁ እንደ መሆኔ መጠን፣ ፍላሽ በሰው ላይ የሚፈጽመውን የብርሃን አድልዎ በየወገኑ ከፍዬና አትቼ ለተከታዩ ትውልድ ላቆይ ወደድሁ።

የነገሩ ሥር ጥንታዊ ነው። ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው ጀርመናዊ ሊቀ ከዋክብት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1604 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቍጥር ኃይሉ የሚደክመው ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሆነ፣ ከካሜራው በ1 ሜትር የተቀመጠው ሰው ምሉእ ድርሻውን ሲወስድ፣ በ2 ሜትር ያለው ሩቡን፣ በ3 ሜትር ያለው ከዘጠኝ አንዱን፣ በ4 ሜትር በሩን ተደግፎ የቆመው ደግሞ ከዐሥራ ስድስት አንዱን ብቻ ያገኛል። ከወጥ ድስቱ ርቆ የተቀመጠ ሰው ይህን ሕግ ያለ ኬፕለርም ያውቀዋል።

ከዚህ የሚወለደው የመጀመሪያው ወገን ልብሰ ብርሃን ይባላል። የፊት ረድፍ ለአረጋውያን የተገባ ስለሆነ፣ አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በ1 ሜትር ላይ ሲቀመጡ፣ ግንባራቸው ከጋቢያቸው አይለይም፤ ዓይኖቻቸው ብቻ በደመና መካከል እንደ ሁለት ቅንጣት ጥቁር አዝሙድ ይታያሉ። ድግሱን የደገሰችው የሕፃኑ እናት ግን ከጓዳ ወጥታ ከኋላ ስለምትቆም፣ መኖሯ የሚታወቀው በነጠላዋ ጥለት ነው።

ሁለተኛው ወገን ከካሜራው ኑፋቄ የሚመነጭ ነው። ይህ መሣሪያ ዓለም በመላው መካከለኛ ግራጫ ናት ብሎ ስለሚያምን፣ ነጭ የለበሱ ሴቶች ሲሰበሰቡ ብርሃን የበዛ መስሎት ይሰስታል፤ የንስሐ አባታችን ጥቁር ካባቸውን ደርበው ከመካከል ሲቀመጡ ደግሞ ጨለማ የወረደ መስሎት ያለውን ሁሉ ያፈሳል። ለዚህ መድኃኒት ብዬ አንገቱ የሚዞር ፍላሽ ከጎረቤት ተውሼ ብርሃኑን ወደ ኮርኒሱ ብመልሰው፣ ኮርኒሱ ብጫ የተቀባ ነበርና የክርስትናው እንግዳ ሁሉ የወፍ በሽታ የያዘው መስሎ ወጣ።

ሦስተኛው ወገን መንፈቀ ጨረቃ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። ከፎቶግራፉ ግርጌ፣ ልክ ከመካከሉ፣ እንደ ግማሽ ምጣድ የከበበ ጥቁር ጥላ ተነሥቶ ከፊት የተቀመጡትን ሕፃናት ይውጣል። ቤተ ዘመዱም እንዲህ ሲያትተው ኖሯል። የመሶብ ጥላ ነው፤ መሶቡ ሳይቀርብ በተነሣውም ላይ ታይቷልና ይህ አይጸናም። አንድም የፎቶ አንሺው ራስ ነው፤ ይህ ትርጓሜ ራሴን በክር አስለካኝ እንጂ ምሥጢሩን አልፈታም። አንድም አክስቴ እንዳሉት ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ይህን ሲሉ ወደ ማን እንደ ተመለከቱ በቤቱ ያለ ሁሉ አይቷል።

ጠባዩንም መርምሬያለሁ። በፀሐይ፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ አይወጣም። ብዙ ሰው ለማስገባት ሌንሱን ሳሰፋ ይወጣል፤ የአንድ ሰው ፊት ለማቅረብ ስስበው ይጠልቃል። ካሜራውን በቁሙ ስይዘው ከግርጌ ወደ ጎን ይሰደዳል፤ በአንድ ሠርግ ሁለተኛውን ሚዜ ከነሱፉ እንደ ሰወረው አለ። ባሕረ ሐሳብ ከሚያውቁ አንድ መምህር ዘንድ ሄጄ የድግሶቻችንን ዕለታት ከሠርቀ ጨረቃ ጋር አስተያይቼ ነበር፤ ምንም አልገጠመም።

በዚህ ድካም ላይ ሳለሁ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእኅቴ ልጅ ካሜራውን ጥቂት አየችና፣ «ጋሼ፣ ይህችን ቆብ ለምን አያወልቋትም?» አለችኝ። ይህችም ቆብ የፀሐይ ጨረር ሌንሱን እንዳይመታ ከአፉ ላይ የምትጠለቀው ጥቁር ፕላስቲክ ናት፤ ፍላሹ ከሌንሱ በላይ ዝቅ ብሎ ስለተተከለ፣ ብርሃኑ ወደ ታች ሲወርድ እርሷን ያገኝና ጥላዋን ከእንግዶቹ ጕልበት ላይ ይጥላል። ጥላ እንድትሆን የተሠራች ዕቃ ጥላ ጣለች ተብላ እንዴት ትወቀሳለች? ተወቃሹ ለፀሐይ የተሠራን ቆብ 12 ዓመት ሙሉ በሳሎን ያስለበሰው ሰው ነው።

አራተኛው ወገን፣ ማለት የካሜራው መዝጊያ በብዙዎቹ ካሜራዎች ከ1/250 ሰከንድ ሲፈጥን ከፎቶግራፉ ላይ የሚወርደው ጥቁር መጋረጃ፣ እስከ ስምንተኛው ድረስ ካሉት ጋር ተጽፎ ተዘጋጅቶ ነበር። ከልጂቱ ወዲህ ግን ለመቀጠል ልብ አላገኘሁም።

በሚቀጥለው ድግስ ቆቧን አውልቄ አነሣሁ። አክስቴ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አቅርበው ግርጌውን ደጋግመው ተመለከቱና፣ «ምነው፣ ያ ሰውዬ ዛሬ ቀረ?» አሉኝ።

ታሟል አልኋቸው።