ከሳፋ ውጭ፦ የድመት ሽንትና የሶፋ ላይ ፍርድ

አሸዋ የተሞላ ሳፋ የተዘጋጀላት ድመት ሳፋውን ትታ ጋቢ ላይ ስትሸና፣ በቤቱ ውስጥ ሁለት የአስተሳሰብ ዘርፎች ይፈጠራሉ። አንደኛው መቀመጫውን ሶፋ ላይ ያደረገው የቂም ዘርፍ ነው። «ትናንት ስለተቆጣኋት ነው እንጂ ሳፋው ጠፍቷት አይደለም» ይላል። ዋና ዋቢው «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ብሂል ሲሆን፣ ምንኩስናው በየትኛው ገዳም እንደተፈጸመ ግን አይጠቅስም። ሁለተኛው ዘርፍ ሳፋው ይመርመር ባይ ነው። ማጎንበስ ስለሚጠይቅ ተከታዩ ጥቂት ነው።

የቂም ዘርፍ እንዲጸና ድመቷ ጋቢው የማን እንደሆነ፣ ማታ እንግዳ እንደሚመጣና እድፍ ከነጭ ላይ ቶሎ እንደማይለቅ አስቀድማ ማስላት ይኖርባታል። ይህን ሁሉ የምታሰላ ፍጡር የቤት ኪራይም ልታዋጣ በተገባ ነበር። ቀለል ያለው ማብራሪያ ጋቢው ለስላሳ ነው፣ ፈሳሽም ይመጥጣል፤ ሳፋው ግን ከተጠረገ ሰንብቷል የሚለው ነው።

ባለሙያዎች ሳፋው የድመቷን የሰውነት ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲረዝም፣ በየቀኑ እንዲጠረግ፣ ከምግቧ እንዲርቅና ቁጥሩም ከድመቶቹ በአንድ እንዲበልጥ ይመክራሉ። ለሁለት ድመት ሦስት ሳፋ ማለት ነው። የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ታሳቢ የተደረገ አይመስልም፤ እዚያ ለሦስተኛው ሳፋ ቦታ የሚገኘው ከነዋሪዎቹ አንዱ ሲለቅ ነው።

ስለ አሸዋው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት ኤድ ሎው የተባለ ሰው፣ ለድመቷ አመድ ትጠቀም ለነበረች ጎረቤቱ ውሃ የሚመጥጥ ደረቅ የሸክላ አፈር ሰጣት፤ ነገሩ ኋላ ትልቅ ንግድ ሆነ። ዛሬ ሽቶ የተጨመረበትም ይሸጣል። ሽቶው ለገዢው አፍንጫ የታሰበ ነው፤ ብዙ ድመቶች ይሸሹታል። የመስክ ማስረጃ የሚሻ አጥኚ ሰፈር ውስጥ ለግንባታ የተራገፈ አሸዋ አጠገብ ይቁም። ደቃቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሽቶ የለውም፤ የአካባቢው ድመቶች በሙሉ ከግንበኛው ቀድመው ይረከቡታል።

ጭራውን አቁሞ እያንቀጠቀጠ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ወንድ ድመት ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የወሰን ምልክት እያኖረ ነው። ማኮላሸት አብዛኞቹን ያስተዋቸዋል።

ደጋግሞ ሳፋው ላይ ተቀምጦ እያማጠ ጠብታ የማይወጣው ወንድ ድመት ካለ ግን የሁለቱም ዘርፎች ክርክር ይቋረጥ። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰዳል። ደም የቀላቀለ ሽንትም ሆነ በድንገት የተለወጠ ልማድ ሐኪም ይፈልጋል።

የቂም ዘርፍ በሕክምናው ረገድ ሁለት ግኝቶች አሉት፤ አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ ማሸትና በረኪና መድፋት። የመጀመሪያው የሚያስተምራት ትምህርት ቢኖር በሚቀጥለው ጊዜ ከአልጋ ሥር መሽናትን ነው፤ ፍርሃትና ጭንቀት ደግሞ የፊኛ ሕመምን ያባብሳል። በረኪናው ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ከድመቷ ይልቅ አጣቢዋን ያስወጣታል። ጠረኑን የሚሰብረው ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ነው። ጠረኑ ካልጠፋ ድመቷ ቦታውን እንደ ሽንት ቤቷ ትቆጥረዋለች።

ሳፋው ታጥቦ፣ በድንገት ከሚያጓራው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ ተነስቶ ጸጥ ወዳለ ጥግ ሲዛወር፣ ብዙ ጊዜ ድመቷ ተመልሳ ትገባበታለች። ሶፋው ላይ ያለው ዘርፍም ውጤቱን ወዲያው ይተነትናል፦ «አያችሁ? ቁጣው ሠራ።»