የአስተያየት መስጫ ሣጥንን የቁልፍ አያያዝ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪት ተጎስሟል። ድምፁ ካልደረሰህ ስብሰባ ላይ ስለነበርን ነው።

መግቢያ

ሙስናን መታገል የማያወላውል አቋማችን መሆኑን በየስብሰባው መክፈቻ ስንናገር የኖርን በመሆናችን፤

በየዓመቱ ኅዳር ሲያልቅ የፀረ ሙስና ቀንን በኮፍያና በቲሸርት የምናከብር በመሆናችን፤

የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቁሞ፣ ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ በ668/2002፣ ጠቋሚና ምስክር እንዲጠበቅ በ699/2003፣ ሙስና የፈጸመ እንዲቀጣ በ881/2007 ተደንግጎ ሳለ፣ የአስተያየት መስጫው ሣጥን ቁልፍ በማን ኪስ እንደሚያድር አንዳቸውም ባለመናገራቸው፤

በተቀመጥንበት ወንበር ምቾት መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የቁልፍ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስ ይመረጣል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

ሀ) «ባለጉዳይ» ማለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፎ «ነገ ይመለሱ» የተባለ ሰው ነው። ነገም ያው ባለጉዳይ ነው።

ለ) «ሻይ» ማለት በብርጭቆ የማይቀርብ፣ ስኳር የማይነካው፣ መጠኑም በይዞታው ካሬ ሜትር የሚወሰን መጠጥ ነው።

ሐ) «ባለሙያ» ማለት... ይታወቃል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ሥነ ምግባር መርሆዎች

ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነትና የቀሩት፣ አሥራ ሁለቱም፣ በመስታወት ተከተው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ።

አንቀጽ 4፦ ስለ ስጦታ

ክልክል ነው።

አንቀጽ 5፦ ሀብት ስለ ማስመዝገብ

ይመዘገባል። የሚስት ወንድም ሀብት ግን የሚስት ወንድም ነው።

አንቀጽ 6፦ ስለ ሣጥኑ

6.1) ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከእንጨት የተሠራ፣ ከላይ ጠባብ ቀዳዳ ያለው፣ ፊት ለፊቱ ላይ «አስተያየትዎ ለሥራችን መሻሻል ወሳኝ ነው» ተብሎ የተጻፈበት ሣጥን ይሰቅላል። ቦታውም ማን ምን እንደከተተ ከውስጥ በግልጽ በሚታይበት፣ በባለሙያው በር አጠገብ ይሆናል። ግልጽነት የተባለው መርሆ በዚህ ተሟልቷል።

6.2) የሣጥኑ ቁልፍ ቅሬታ በሚቀርብበት ባለሙያ እጅ ይቀመጣል። ጉዳዩን ከእሱ አብልጦ የሚያውቅ የለምና።

6.2.1) ባለሙያው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ቁልፉም አብሮ ይወጣል።

6.2.2) ባለሙያው ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ቁልፉን ለተተኪው በርክክብ ሰነድ ያስረክባል። በሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች ግን የግል ንብረቱ ስለሆኑ ይዟቸው ይሄዳል።

6.2.3) ቁልፉ ከጠፋ ሣጥኑን መስበር አይቻልም፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ቁልፉ እስኪገኝ ድረስ ባለጉዳዮች መክተታቸውን ይቀጥላሉ።

6.2.4) ቅሬታው የቀረበው በራሱ በቁልፍ ያዡ ላይ የሆነ እንደሆነ፣ 6.2ን ይመልከቱ።

6.3) አቤቱታው የአቅራቢውን ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የፋይል ቁጥርና ፊርማ መያዝ አለበት። ስም የሌለው አቤቱታ ባለቤት የለውም ተብሎ ይጣላል። ስም ያለው አቤቱታ ባለቤቱ ይጠራበታል።

6.3.1) ምስጋና የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ካስፈለገ ባለሙያው ራሱ ይጽፍላቸዋል።

6.4) ሣጥኑ የሚከፈተው ሦስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ፊት ነው፤ ባለሙያው፣ ከባለሙያው አጠገብ የሚቀመጠው ባለሙያ እና የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ኃላፊ። ሦስተኛው አባል ለሥልጠና ከወጡ ሁለቱ ምልዓተ ጉባኤ ይሆናሉ። (በነገራችን ላይ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል በየመሥሪያ ቤቱ ተቋቁሟል። ሲቋቋምም ተጠሪነቱ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ተደርጓል። ይህኛው ፌዝ አይደለም፤ አሠራሩ ነው።)

6.5) አቤቱታው ለአቅራቢው የሚመለስበት ሥነ ሥርዓት። ባለጉዳዩ ተመልሶ ሲመጣ ባለሙያው ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል። ይህ በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ቁጭ በሉ ያለው አልነበረምና። ቀጥሎ መሳቢያውን ይከፍታል፤ አራት ቦታ የታጠፈችውን ወረቀት አውጥቶ በመዳፉ እያለሰለሰ ይዘረጋታል፤ የሻይ ብርጭቆውንም ያሳርፍባታል። (ይህ የእውነት ሻይ ነው። አንቀጽ 2(ለ) አይመለከተውም።) ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የእጅ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል! አስተማሪ ነበሩ እንዴ? ቅር ያለዎት ነገር ካለ ምነው በአፍዎ ቢነግሩኝ? እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ» ይላል።

6.5.1) ይህ ንዑስ አንቀጽ ከሌላ አገር ሕግ አልተቀዳም። ወረቀቷ የኔ ናት። የአባቴን ቤት ወደ ወራሾች ስም ለማዛወር ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዤ፣ የሚከፈለውን ከፍዬ፣ ፎርሙን ሞልቼ የቀረብኩ ሰው ነኝ። ፋይሉ መዝገብ ቤት የለም ተባልኩ። «አንድ ፈልጎ የሚያወጣ ልጅ አለ፣ እሱን ያነጋግሩት» ተባልኩ። አነጋገርኩት፤ የሻዩን ልክ ነገረኝ። የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ አልሰደብኩም፣ አላጋነንኩም። ስሜንና ስልኬንም አሰፈርኩ፤ ፎርሙ ይጠይቃላ! ባለሙያው ያችን ወረቀት ሲዘረጋት ብርጭቆው ያረፈው ስልክ ቁጥሬ ላይ ነበር። የጠፋው ፋይልም ከጀርባው መደርደሪያ ላይ፣ የአባቴ ስም በትልቁ ተጽፎበት፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ቆሟል።

6.5.2) ለመሆኑ ቁልፉን ማን ሰጠው? ቁልፍ በራሱ እግር ሄዶ ኪስ አይገባም። አንድ የበላይ ተቀምጦ፣ አስቦበት፣ «የአስተያየት ሣጥኑን እሱ ይያዘው» ብሎ ወስኗል። ሰውየው ሰረቀ እንበል፤ ሌባ መስረቁ አይገርመኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ደህና ሰው የሚባለው፣ ሳንቲም ያልነካው፣ ቁልፉን አውጥቶ የሰጠው አለቃ ነው። እሱ በ881/2007 አይከሰስም። በየትኛውም አይከሰስም። ዓመቱ ሲያልቅ ለዕቅድ አፈጻጸሙ «ሣጥን ተሰቅሏል» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል፤ ይጨበጨብለታል።

6.5.3) አዋጅ 699/2003 ጠቋሚን ከበቀል እጠብቃለሁ ይላል። ሊበቀለኝ የሚችለው ሰው ቤቴን፣ ስልኬን፣ የወንድሜንና የእህቶቼን ስም በዝርዝር ይዟል። እኔ ሕጉን የያዝኩት በቁጥሩ ብቻ ነው።

6.5.4) ከዚያ ቢሮ ስወጣ አንዲት እናት በሰው ያስጻፏትን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ሣጥኑ ፊት ቆመዋል። ቀዳዳው ከፍ ብሎባቸው በእግር ጣታቸው ይንጠራራሉ። «እማማ፣ አይክተቱት» አልኳቸው። «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነገርኳቸው። ወረቀቷን መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ቋጠሯት። እንግዲህ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኛለሁ፤ ያለ ደመወዝ አቤቱታ አስቀራለሁ። የዚያ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ቁጥር ዘንድሮ ከቀነሰ አስተዋጽኦዬ ይመዝገብልኝ።

ይቅርታ፤ ወደ አዋጁ እንመለስ።

6.6) ባለጉዳይ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጮኾ «አቤት!» ማለት ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ሣጥን ተሰቅሎለታል። ድሮ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የተበደለ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ንጉሥ ሲያልፍ «አቤት!» ይል ነበር፤ ዙፋን ችሎት ድረስም ይዘልቅ ነበር። ፍርድ አገኘም አላገኘ፣ ቢያንስ መንገደኛው ሁሉ የሚለውን ሰምቶታል። የዘመናዊ አስተዳደር ብልጫ አቤቱታውን በጽሑፍና በዝምታ ማድረጉ ነው።

አንቀጽ 7፦ ስለ ቅጣት

ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ባለሙያ በግምገማ ሂስ ይወርድበታል፤ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ባለጉዳይ ወደሚበዛበት ክፍል ይዛወራል።

አንቀጽ 8፦ ተፈጻሚነት ስለማይኖራቸው ሕጎች

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ይበል። ሣጥኑ ግን ዝግ ነው።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ከጸና ቆይቷል። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ እያተመ ነው፤ ይህን ያላተመው ማንም ሳያትመው ስለሚሠራ ነው።

ግልባጭ፦
ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል (ከሥልጠና ሲመለሱ)
ለመዝገብ ቤት (ፋይሉ ከተገኘ)
ለባለሙያው (ቀድሞ አንብቦታል)

ከግልባጩ በታች ለምትቀመጡ፣ የመፈረም ሥልጣን ላላችሁ የበላይ ኃላፊዎች ሁለት መስመር ይፈቀድልኝ። ሣጥኑ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አድርጉበት፤ የአንደኛው ቁልፍ ከዚያ መሥሪያ ቤት ውጪ፣ ደመወዙን ከዚያ ኃላፊ ከማይቀበል ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ወረቀት ለሚከትት ሰውም ስሙን ሳትጠይቁ ተራ ቁጥር ስጡት፣ በቁጥሩ መልሱን ይጠይቅበት። ለሁለተኛው ጓጉንቸር በጀት አልተያዘም ካላችሁ እኔ እከፍላለሁ፤ ደረሰኝ ብቻ ቁረጡልኝ።