ዓርብ ወጥቶ ሹመይሲ የማደር ጥበብ

ማናቸውም ጥበብ መምህር ሲሻ፥ ተሳስቶ መጓዝ ግን ያለ መምህር የሚገኝ ጸጋ ስለሚመስላቸው፥ በጅዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የዓርብን ዕረፍት በግማሽ ስሕተት ብቻ አሳልፈው፥ ሲመሽ ተመልሰው በገዛ ፍራሻቸው ላይ ይተኛሉ። ስሕተቱን እስከ ፍጻሜው አድርሶ፥ ጧት ከጅዳ ወጥቶ ማታ ሹመይሲ ለማደር የሚሻ ግን ሥርዓተ ጉዞውን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋልና፥ አንድ ጊዜ በዓይኔ ያየሁትን ይዤ ይህችን ምክር ጻፍሁ።

አስቀድሞ የዕረፍት ቀን ያስፈልጋል። የሳዑዲ መንግሥት የሳምንቱን ዕረፍት ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፥ ለቤት ሠራተኛ በቀን ከ9 ሰዓት ያላነሰ፥ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖራት ይፈቅድ የነበረው ደንብ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው፤ የዕረፍቱ ቀን ግን የሚወሰነው በስምምነት ነውና ከማዳም ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። እንግዲህ እኅቴ ሆይ፥ አትነጋገሪ። ማዳም ለሠርግ እስክትወጣ ጠብቀሽ በጓሮ በር ሹልክ በይ፤ ኢቃማሽንም፥ ያን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽን፥ «መንገድ ላይ ይጠፋብኛል» ብለሽ ከሻንጣሽ ሥር ቅበሪና ቆልፊበት። ከፊልሽ፥ ማለት በስሙ ያስመጣሽ አሠሪ፥ ቤት ገብቶ ሲያጣሽ «ጠፍታለች» ብሎ ሁሩብ ያስመዘገበብሽ እንደ ሆነ፥ ያ የተቆለፈበት ካርድ ከፎቶግራፍነት በቀር ሌላ ዋጋ አይኖረውምና፥ ቤት መቅረቱ ብዙ አያስቆጭሽም።

ልበ ቀጫጮች በከተማው ውስጥ ይቀራሉ። ሳምንቱን ሙሉ ዐሥራ ሁለት ክፍል ስትወለውል የሰነበተች እኅት፥ በዕረፍቷ ቀን አል-በለድ ወርዳ 106 ክፍል አለው የሚባለውን የናሲፍን ቤት ብትጎበኝ፥ ይህ መካከለኛ ስሕተት ነው። ከዚያ የሚሻለው ኮርኒሽ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ፥ ከ260 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የሚወረወረውን የንጉሥ ፋህድን ፏፏቴ እያዩ ቡና ማፍላት ነው፤ የሚረጨው የባሕር ውኃ ነውና፥ ቡናቸውን በጨው ለሚጠጡ የወሎ እናቶች ባይከፋም ለሌላው አይሆንም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም በአንድነት ወደ ማዶ እያመለከተ «አገራችን ያ ነው» ይላል። ያ ሱዳን ነው። የእኛ አገር በስተግራ ወደ ደቡብ ርቆ ያለ ሲሆን፥ በባሕሩ ዳር የነበረው ወሰናችንም ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የለም፤ ይሁን እንጂ ሱዳንን እያዩ ማልቀስም ልቅሶ ነው።

ፍጹም ስሕተት የሚገኘው ግን በጣይፍ መንገድ ነው። ጣይፍ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፥ ከአዳማ ጥቂት ከፍ የምትል፥ በጽጌረዳዋ የታወቀች ደገኛ ከተማ ስለሆነች፥ በጅዳ ወበቅ የተቀቀለ ሐበሻ ሁሉ እንደ ምድረ ርስት ይናፍቃታል። ወደዚያ በሚያወጣው በሃዳ ገደል ላይ ጋማቸው የነጣ ዝንጀሮዎች ከመንገደኛ ሙዝ ይቀበላሉ፤ እነዚህ በአዋሽ ሸለቆ ካሉት ጋር ዘራቸው አንድ ነው፥ ቀይ ባሕርን መቼና በምን ወረቀት እንደ ተሻገሩ የሚጠይቃቸው የጀዋዛት (የፓስፖርት መሥሪያ ቤት) ሹም ግን እስካሁን አልተገኘም። ወደዚያ ለመሄድ ለአምስት ሰው በተሠራች መኪና ሰባት ሆናችሁ ተሳፈሩ፤ ሾፌሩም በስልክ ብቻ የሚታወቅ፥ ፈቃዱን ስትጠይቁት «አላህ ከሪም» የሚል ይሁን፤ መንገዱን ግን ማንም እንዳይጠይቀው።

ነገሩ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ከጅዳ ወደ መካ ሲሄዱ፥ ከመካ 20 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ሹመይሲ ላይ ፍተሻ አለ፤ ወደ መካ መግባት የተፈቀደው ለሙስሊም ብቻ ስለሆነ፥ ሌላው ሰው ከተማዋን በሚዞረው መንገድ ታጥፎ ወደ ጣይፍ ያልፋል። በእኛ መኪና ውስጥ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነበረ፤ አንዲቱ ደግሞ በፓስፖርቷ የሙስሊም ስም የያዘች፥ በጥምቀት ስሟ ወለተ ኪዳን ስትሆን፥ ከሻሿ ጠርዝ ሥር በግንባሯ ላይ የተነቀሰው መስቀል ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። ሾፌራችን መታጠፊያውን በወሬ አልፎት ኖሮ ቀጥ ብሎ ፍተሻው ላይ ቆመ። ወታደሩ መብራቱን ወደ ውስጥ አበራና «ኢቃማ» አለ። «ፊ በይት» አለች ወለተ ኪዳን፤ ቤት ነው ማለቷ ነው። ወዲያው በጭኗ ላይ በነጠላ ጠቅልላ የያዘችውን አይቶ «ኤሽ ሃዛ?»፥ ይህ ምንድን ነው፥ ሲላት፥ ነጠላውን ፈታ ጀበናዋን አሳየችው። ወታደሩ ሽታውን ስቦ ፈገግ አለ፤ ኢቃማውን ግን አልረሳም።

በፍተሻው ዳር ለመቆየት የተገደደ ሰው ታሪክን ያውጠንጥን። የዛሬው ሹመይሲ የጥንቱ ሑደይቢያ ነውና፥ እ.ኤ.አ. በ628 ነቢዩ ሙሐመድ 1,400 ያህል ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ መካ ሲጓዙ በዚሁ ስፍራ ታግደው፥ ስምምነት ተዋውለው፥ ሳይገቡ ተመልሰው በዓመቱ ገቡ። ከዚያ 13 ዓመት አስቀድሞ፥ ከጅዳ በስተደቡብ ካለው ከሹዐይባ ወደብ በታንኳ ተነሥተው አክሱም የደረሱትን የነቢዩን ተከታይ ስደተኞች ደግሞ፥ ቁረይሾች ተይዘው እንዲመለሱ፥ በዛሬው ቋንቋ ተርሂል እንዲደረጉላቸው እጅ መንሻ የያዙ መልእክተኞች ቢልኩ፥ ንጉሡ የሁለቱን ወገን ቃል ሰምቶ እጅ መንሻውን መለሰ፤ ስደተኞቹም ቀሩ። ይህን ታሪክ ለወታደሩ መተረክ ስሕተትን የሚያፋጥን ስለሆነ እጅግ አድርጌ እመክራለሁ፤ እኔ ጀምሬው «ያላ፥ ያላ» ተብዬ ሳልጨርስ ቀርቻለሁ።

ይህም አንዳንዱን አያጠግበው ይሆናል። እንዲህ ያለው በሐጅ ሰሞን ያለ ፈቃድ ወደ መካ ይሞክር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ያለ ፈቃድ ሐጅ ለሚያደርግ የተደነገገው መቀጮ እስከ 20,000 ሪያል ነው፤ መባረሩ ለብቻው።

ስደተኛ ከመባረሩ በፊት የሚታጎርበት የሹመይሲ ማረፊያ በሽርሽር መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2022 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ ስለ መጨናነቁና በዚያ ስለሚደርሰው መከራ ከስደት ተመላሾቹ ኢትዮጵያውያን የሰጡትን ቃል ጽፏል፤ በዚህ ላይ የምጨምረው ፌዝ የለኝም። ሥርዓቱ ግን አጭር ነው፦ አሻራ ይሰጣል፥ ፓስፖርት ለሌለው ከቆንስላ ሊሴ ፓሴ ይመጣለታል፥ ተራው ሲደርስ ቦሌ ይወርዳል። አንዳንዱ በሳምንት ይወጣል፥ አንዳንዱ ወራት ይቆጥራል። የስድስት ዓመት ወርቅ፥ ያላለቀ ዕቁብ፥ ለእናት የተገዛው ቴሌቪዥን ጅዳ ይቀራል፤ አሻራ የሰጠ ሰው ዕቃዬን ልሰብስብ ብሎ አይመለስምና።

ያን ማታ ስድስታችን ተመለስን። ወለተ ኪዳን ስትወርድ «ይሰበርብኛል፥ ያዝልኝ» ብላ የሰጠችኝ ጀበና ከነማቶቱ በእኔ ዘንድ ይገኛል፤ ባለቤቲቱ ወልድያ እንዳለች ሰምቻለሁና፥ ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር ይውሰድልኝ።