ቆሻሻ ቻይ

የመንገድ ችግር መፍትሔ ተገኝቶለታል፤ ቀለም ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ስለ ሞተሩ ከመጠየቁ በፊት «ቆሻሻ ቻይ ነው ወይ?» ይላል። ደላላውም ይህን ያውቃልና ጥቁሩን ወደ ጓዳ፣ ብርማውንና አመድማውን ወደ በር ያደርጋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ጥቁር ቀለም አቧራ ሲያርፍበትም ጨርቅ ሲያልፍበትም ያሳብቃል። ነጭ የበጋውን አቧራ ቢችል የክረምቱን ዋልካ አይችልም። ብርማና አመድማ ግን ከአቧራው ጋር ታርቀው ይኖራሉ። ቆሻሻውን ማስወገድ ካቃተ እሱን መምሰል፣ እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት ይገኛል!

ብልሃቱ በመንግሥት ደረጃ ቢሠራበት ደግሞ ስንት ወጪ በዳነ። ግሬደርና ሩሎ ጉና ሥር ከማንከራተት፣ የየቀበሌውን አፈር ቀለም ለይቶ ለባለመኪናው ማሳወቅ ይበቃ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ይህ አልተገለጠላቸውም። ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በጋይንት ምድር፣ በጨጨሆ በኩል ነው ያለፉት። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ በሰው ጉልበት እየተሳበ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ሲያስጠርጉ ወራት ፈጀባቸው። ምነው ጋሪውን አመድማ ቀብተው በተገላገሉ!

«ውሃ የት አለና ነው መኪናው የሚታጠበው?» የሚል ይነሣል። ይህ ክርክር እውነት አለው። በበጋ ውሃ በጀሪካን ተሸክመው በሚያመጡበት አገር መኪና ሳያጥቡ መሰንበት ነውር አይደለም። ነውር ካልሆነ ታዲያ መሸሸጉ ምን አመጣው? ሸሽጎትም ቢሆን ሹፌሩ የቢሮው በር ላይ ሲደርስ በደረቅ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋም የተመረጠውን ቀለም ይፍቀዋል። «ነጭ ሙቀት ይመልሳል» የሚሉም አሉ። ለስማዳ ቆላ ልክ ነው፤ ነፋስ መውጫ ላይ ጋቢ ደርቦ ለሚነዳ ግን ማን ሙቀት መልስልኝ አለው? «ብርማ ሲሸጥም ገበያ አለው» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው፦ አዎን፣ አንዱ የሸሸገውን ሌላው ይገዛዋል።

ትልቁ ጉዳት ዓይን የማያየውን እጅ አለማጽዳቱ ነው። ኮፈኑ ላይ ያረፈ አቧራ ማንንም አልገደለም። ሞተሩን ትንፋሽ የሚያሳጥረው የአየር ፊልትሮው ውስጥ የታጨቀው ነው፤ ሞተሩን የሚያግለውም ራዲያተሩ ላይ ከዘይት ጋር ተለውሶ የደረቀው ነው። ፊልትሮ ደግሞ ቆሻሻ ቻይ ቀለም አልወጣለትም። በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን ገልጦ፣ ኮቴዋን አንሥቶ የሚያይ፣ ዳማ ትሁን ዳለቻ በስተመጨረሻ የሚያስብ ሕዝብ፣ መኪና ላይ ሲደርስ ከቆዳዋ ይጀምራል። ውጭው ስለማያሳብቅበት ኮፈኑን የሚከፍተው መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ነው።

ቀለም የመምረጥ ዕድል ያልደረሰው እግረኛው ብቻ ነው። ወደ አርብ ገበያ በጠጠሩ መንገድ የሚወርደው ገበሬ ጋቢው ነጭ፣ የባለቤቱም ነጠላ ነጭ ነው። በእኛ ሒሳብ ጥፋቱ የራሳቸው ነው፤ አመድማ ማሸመን ነበረባቸው። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ያልፋል፣ የጸዳ መስሎም ከተማ ይገባል፣ አቧራው ግን ጋቢው ላይ ይቀራል፤ ለጋቢው ማጠቢያም ያው የጀሪካኑ ውሃ ነው። መኪና በፈጠነ ቁጥር አቧራው ይብሳል። ስለዚህ ባለብርማዎች ሆይ፣ በጠጠር መንገድ እግረኛ ስታዩ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሡ፤ በማንኛውም ቀለም ይሠራል።