እንግዳ ተቀባይዋ ከተማ

አዲስ አበባ እንግዳ አትወድም የሚል ሰው ቦሌ ቆሞ አላየም። ቁመቱን የሚያህል ቦርሳ ያዘለ፣ በካልሲው ላይ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ብቻውን የመጣ ፈረንጅ ከተርሚናሉ ብቅ ሲል የሚደረግለትን ማየት ነው። ቪዛውን ገና አገሩ ሳለ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ ጨርሶታል፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ያህል አቅልለንለታል። ለምን መጣህ ቢባል «ለማየት» ይላል፤ ማየት በቂ ምክንያት ነው። የት ታድራለህ ቢባል የአንድ ሆቴል ስም ይጠራል፤ ነገ ቢቀይረው ተከትሎ የሚጠይቀው የለም። ሥራ የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ የሚመለስበትን ቀን በእርግጥ አያውቅም፣ ሸሚዙም ውሃ ካየ ሰንብቷል። እነዚህ አራት ነገሮች በከተማችን ተደምረው «ቱሪስት» ይባላሉ።

እስቲ እነዚያኑ አራት ነገሮች ሌላ ሰው ላይ እንጫናቸው።

ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ስም አልሰጠውም፤ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ናቸው። የመጣው ከትየርኪዲ ነው። ለማታውቁት፣ ትየርኪዲ በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ልዩ ወረዳ ያለ የስደተኞች ጣቢያ ነው። ታኅሣሥ 2006 ደቡብ ሱዳን እርስ በርሷ ስትተላለቅ፣ በፓጋክ በኩል ሸሽተው የገቡ፣ አብዛኞቹ ኑዌር የሆኑ ሰዎች እንዲያርፉበት በዚያው ዓመት ተከፈተ። ልጁ በእናቱ እጅ ተይዞ ገባ፣ እዚያው ፊደል ቆጠረ፣ እዚያው ጢም አወጣ። አሁን ደግሞ እንደ ማንኛውም ወጣት ትልቅ ከተማ ማየት አማረው። ጓዙ አንድ ሰማያዊ የዩኒሴፍ ቦርሳ ነው፤ አንዱ ማንገቻው ተበጥሶ በሲባጎ ተተክቷል። ውስጡ አንድ ሱሪ፣ የክፍል ውጤቱን የያዘ በላስቲክ የታሸገ ወረቀትና የስልክ ቻርጀር አለ። ፈረንጁ እንዲህ በትንሽ ጓዝ ቢጓዝ ኖሮ ስለ ቀላል ኑሮ ጥበብ መጽሐፍ ይጽፍበት ነበር።

ፈረንጁ ከአውሮፓ ተነስቶ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲያቋርጥ ያስፈለገው ፓስፖርትና አንድ ኢሜይል ነው። ልጁን የሚጠብቀው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የመኪና መንገድ ነው፤ ለዚያ ግን «ፓስ ፐርሚት» ያስፈልገዋል። ከጣቢያው ለመውጣት ምክንያቱን ያስረዳል። ሕመም ምክንያት ነው፤ ትምህርትም ከነማስረጃው ምክንያት ነው። «ለማየት» ግን ምክንያት አይደለም። ያቺ ቦሌ ላይ በር የከፈተች ቃል ትየርኪዲ ላይ ስትደርስ ታስቃለች።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ፣ ያውም የተመሰገነ። በጥር 2011 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስለ መዘዋወር ነፃነት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ከአፍሪካ ለስደተኛ የተሻለ ሕግ ካላቸው አገሮች ተርታ ተሰለፍን ተብሎ በየስብሰባው ተጨብጭቦልናል። ጭብጨባው የተሰማው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ጆሮው ድረስ የዘለቀ አይመስለኝም።

ኬላውንማ ያላየ ሰው አልተጓዘም። አውቶቡሱ የባሮን ሜዳ ትቶ ወደ ቡሬ ዳገት ሲወጣ አየሩ ይቀየራል፤ 40 ዲግሪ የለመደ ገላ ጎሬ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ መኪናው ይቆማል። ፖሊሱ ይገባና «መታወቂያ!» ይላል፣ ለሁሉም እኩል፣ በታላቅ ፍትሐዊነት። ዓይኑ ግን ስድሳውን ተሳፋሪ ዘሎ ከኋላ ወንበር ጉልበቱ አላስቀምጥ ያለው ረጅም ልጅ ላይ ያርፋል። ልጁ ግንባሩ ላይ «ጋር» የሚባለው ባለ ስድስት መስመር የኑዌር ምልክት ካለው ደግሞ መታወቂያ ማሳየቱ ራሱ ትርፍ ሥራ ይሆናል። ውረድ ይባላል። ሰማያዊው ቦርሳ አስፋልት ዳር ይዘረገፋል፤ ሱሪው ይራገፋል፤ ውጤቱን የያዘው ላስቲክ ይፈታል፣ ለብርሃን ተደርጎ ይታያል። ረዳቱ ሰዓቱን ያያል። ከወንበሩ አንድ እናት «ምናለበት ቶሎ ቢጨርሱት፣ መሸብን እኮ» ይላሉ። ለልጁ አዝነው የተናገሩ መስሎት ዞሮ ፈገግ ቢላቸው አይፈረድበትም።

ጸጥታ ነው ይሉኛል። እሺ፣ ጸጥታ ነው። ድንበር ያለበት አገር መፈተሹ ያለ ነው። እኔን የሚገርመኝ ጸጥታው ቦርሳ ከመክፈቱ በፊት የሚያሳየው ጥርጣሬ በሰውየው ቆዳ ጥቁረት መጠን መጨመሩ ነው።

አበው እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ብለዋል። ልጃችን ጊዜ ላለማባከን በብረቱ ይጀምራል። አውቶቡስ ተራ ሲወርድ «ሱዳን! ሱዳን! ወዴት ነህ?» ይባላል። ከዚህ ሌላ የሚባልም አለ፤ ስድብ መሆኑን እያወቁ በሳቅ የሚወረውሩት፣ እዚህ የማልጽፈው። ታክሲ ውስጥ ወያላው ሒሳብ የሚቀበለው በስም ሳይሆን በአገር ነው፦ «ሱዳን፣ ሒሳብ!» ፈረንጁም አጠገቡ ተጣብቦ ተቀምጧል እንበል። ተሳፋሪው በሙሉ ተደንቆበታል። «ከእኛ ጋር እኮ ነው የሚጋፋው! ሽሮም በእጁ ነው አሉ የሚበላው! ትሕትናው!» ልጁም በዚያው ታክሲ ይጋፋል፣ ሽሮውንም በእጁ ይበላል። ስለ ትሕትናው ግን አንድም ሰው አልተናገረለትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህ አቀባበል ለስደተኛ ብቻ የተያዘ እንዳይመስላችሁ፤ ቸርነታችን ለዜጋም ይተርፋል። ኢታንግ ተወልዶ ኢታንግ ያደገ፣ አባቱም አያቱም ባሮ ዳር የተቀበሩ አኙዋ የመንግሥት ሠራተኛ ለሥልጠና አዲስ አበባ ይመጣል። «እንደምን አደራችሁ» ይላል። ካፌው ፀጥ ይላል። ከዚያ፣ ከልብ በመነጨ ደስታ፣ «አማርኛ ትችላለህ እንዴ? ጎበዝ! አገራችን ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?» ይባላል። ሰውየው ምን ይበል? «ከሚኒልክ ዘመን ጀምሮ» ቢል ውሸት አይሆንበትም።

የሚኒልክን ዘመን ካነሳን ደግሞ፣ ጋምቤላ ፈረንጅን እንዴት እንደተቀበለች ልብ በሉ። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዞች በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳርቻ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። መርከባቸው ከካርቱም እየመጣ ቡና ጭኖ ተመለሰ። የዚያ አገር ሰው ያኔም ዛሬም በር ሲያንኳኩበት «ቤት ለእንግዳ» ሲል ነው የኖረው። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ያስጠጋቸው ስደተኞች ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። የራሱን ሕዝብ የሚያህል እንግዳ የተቀበለ አገር ድካሙ፣ ቅሬታውና ግጭቱ ቢኖርበት አይገርምም። ሚሊዮኖች የሚተራመሱባት አዲስ አበባ ግን አንድ ባለ ሰማያዊ ቦርሳ ልጅ ስትጨምር «በዙብን እኮ» ትላለች።

ፈረንጁ በሁለተኛው ቀን ፒያሳ ነው። የፒያሳ ርካሽ አልጋዎች ለባለ ቦርሳ መንገደኛ ታሪክ አላቸው፤ ለብዙ ዓመት እነዚህ መንገደኞች አድራሻ እየተቀባበሉ ካረፉባቸው አንዱ ባሮ ሆቴል ይባል ነበር። ወንዙ ስሙን ይዞ ፒያሳ ድረስ መጥቷል፤ መታወቂያ የጠየቀውም የለም። የወንዙ ዳር ልጅ ግን ቤት ፍለጋ ከደላላ ጋር ይዞራል። ደላላው ትሑት ነው፦ «ቤቱ አለ፣ ባለቤቶቹ ግን… አየህ፣ ለእናንተ ደስ አይላቸውም።» ደስ ካላቸው ደግሞ ኪራዩ በዶላር ይሆናል፣ የደስታው ዋጋ። ልጁ ስደተኛ ሲሆን ድሃ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፣ ሲከራይ ደግሞ ባለ ዶላር ነው ተብሎ ይታለባል።

በሦስተኛው ቀን ሙዚየም። ድንቅነሽ ናት፣ የሁላችንም አያት። ፈረንጁ ፎቶ አነሳ። ልጁም አየ። «ምድረ ቀደምት» እንባላለን አይደል? ሁሉም ሰው ከዚህ ነው የወጣው ብለን ለዓለም አውጀናል፤ ተመልሶ ሲመጣ ነው ግራ የሚገባን።

ከሁሉ የሚያምረው ግን የአፍሪካ ኅብረት ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ረጅም ሕንፃ ከሩቅ ይታያል። በግንቦት 1955 የአፍሪካ መሪዎች እዚህች ከተማ ተሰብስበው አንድነት ድርጅትን መሠረቱ፤ ከዚያ ወዲህ «የአፍሪካ መዲና» ነን፣ በየአደባባዩ ይጻፋል። ልጁ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ባንዲራዎቹን ይቆጥራል፤ የአገሩን ያገኘዋል። ዘበኛው ይመጣና «እዚህ መቆም ክልክል ነው» ይለዋል። አፍሪካዊ መሆን ክልክል አይደለም፣ በስብሰባ ሰዓት በሱፍ ሲሆን።

ያን ሁሉ ስደት ያመጣው ጦርነት ድርድር የተካሄደውም እዚሁ ነው። በኢጋድ አደራዳሪነት በ2006፣ ከዚያም በኋላ የተፋላሚዎቹ ልዑካን በባለ ኮከብ ሆቴሎቻችን ለወራት ተመላልሰዋል፤ የመስከረም 2011ዱ ስምምነትም እዚሁ ተፈርሟል። የእነሱን ሻንጣ በሲባጎ ያሰረ አልነበረም። ጦርነቱን ያካሄዱት በቪአይፒ በር ገቡ፣ ከጦርነቱ የሸሸው ደግሞ ፓስ ፐርሚት አምጣ ተባለ። ቱሪዝማችን ደንበኛን እንደየወጪው ማስተናገድ ያውቃል።

ስለዚህ ለልጁ ምክር አለኝ። ሰፊ ባርኔጣ ይግዛ። ካሜራ ቢያጣ እንኳ መያዣውን ይንጠልጥል። ከየት መጣህ ሲባል የአገር ስም ከመጥራት ይልቅ «ሶሎ ትራቨለር ነኝ» ይበል። ውሃ ሲጠፋ ከማማረር ይልቅ «እንዴት ያለ ልምድ ነው!» ብሎ ይደነቅ። ተርቦ ከሆነም «እየጾምኩ ነው» ይበል፣ ፈረንጆቹ ይህን ዘንድሮ በጣም ይወዱታል።

ፈረንጁ በበኩሉ አዲስ አበባ ሰለቸችው። «እውነተኛዋን አፍሪካ» ማየት ፈለገና በአውሮፕላን ጋምቤላ ወረደ። ባሮ ድልድይ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ አነሳ፣ ሕፃናትን ሳያስፈቅድ አነሳ፣ በማግስቱ መኪና ተኮናትሮ ወደ ኢታንግ ሄደ። የትየርኪዲ በር ላይ ግን ዘበኛ አስቆመው።

«ፈቃድ አለህ?»

«የምን ፈቃድ?»

«ከስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የተጻፈ ደብዳቤ።»

ፈረንጁ ሳቀ። ቀልድ መሆኑን ጠበቀ። ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት አለ። ዘበኛው ለማየት የሚባል ምክንያት እንደሌለ በትሕትና አስረዳው፤ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ና አለው። ፈረንጁ ቀላ። ሰው በነፃነት የመንቀሳቀስ መብት የለውም ወይ? በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን? ለኤምባሲዬ አመለክታለሁ! እያለ እጁን ሲያወናጭፍ፣ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ የፓስ ፐርሚት ማመልከቻውን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ የቆመ አንድ ወጣት ጠጋ አለውና በጥሩ እንግሊዝኛ፣ «ወንድሜ፣ ሰልፉ በዚህ በኩል ነው፤ ከእኔ ኋላ ግባ» አለው።